ከእጅ አንጓ የማያልፍ መልእክት

እናቴ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ቀኝ እጇ እየደነዘዘ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳት ነበር፤ ኋላ መቀሱም ከእጇ እየወደቀ አስቸገራት። ወጌሻ አሸላት፤ ሐኪም ቅባት ሰጣት። ለውጥ አልመጣም።

አንዱ ችግር መልሷ ነበር። "እጅዎ እንዴት ነው?" ሲሏት "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች። ለእሷ ይህ ምስጋና ነው። ሐኪሙ ግን ተሽሏታል ብሎ ይመልሳታል።

እኔ ሰኮሩ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ ወደ ነርቭ ምርመራ ወሰድኳት። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ላስረዳት ሞከርኩ።

"እማ፣ ነርቭን እንደ ሽቦ አስቢው። ወደ ጣት ሲሄድ እጅ አንጓ ላይ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ከሥሩ አጥንት፣ ከላዩ ጠንካራ ጅማት አለ። ውስጡ ሲያብጥ ነርቩ መላወሻ ያጣል። ማሽኑ መልእክቱ ምን ያህል እንደሚዘገይ ይለካል።"

"ተማሪዎችህን እንዲህ ነው የምታደነዝዛቸው? እኔስ ቀድሜ ደንዝዣለሁ" አለችኝ።

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። የሚመረምራት ሐኪም ወጣት ነው፤ እጇን ትራስ ላይ አስተኝቶ ሽቦዎቹን በፕላስተር አጣበቀባት። መጀመሪያ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ነካው። ጣቷ ዘለለ።

"ያ ረቢ!"

"ይሄኛው በጠባቡ መንገድ አያልፍም፣ እናቴ። ማነጻጸሪያችን ነው" አላት ሐኪሙ።

ከዚያ ወደ አውራ ጣቷ በኩል ዞረ። ኃይሉን ጨመረ፤ እንደገና ጨመረ። ትከሻዋ ቢሸማቀቅም አውራ ጣቷ ያመነታ ይመስል በጥቂቱ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"ያምዎታል?"

"ፈያ፣ ደህና ነኝ።"

ሐኪሙ ሳቀ። "ይሄ ማሽን እኮ ሰላምታ አያውቅም፣ እናቴ። ደህና አይደሉም ነው የሚለው።"

ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። ከሌባ ጣቷ መምጣት የነበረበት ሞገድ የለም፤ መስመሩ ዝም ብሎ ተጋድሟል። የአውራ ጣቷ ጡንቻ መልስ ዘግይቶም አንሶም ነው የመጣው። "ከባድ የምንለው ደረጃ ላይ ደርሷል" አለ። "በእጅ አንጓ ማሰሪያ ብቻ የሚመለስ አይመስለኝም። ጅማቱን በቀዶ ጥገና ከፍተን ለነርቩ ቦታ መስጠት አለብን።"

"ከዚያ በኋላ እሰፋለሁ?"

"ድንዛዜው ሊቀንስልዎት ይችላል። የሳሳው የአውራ ጣትዎ ጡንቻ ግን ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም። ከቆዩ ደግሞ የቀረውም ይሄዳል።"

"ከመስከረም በኋላ ይሁን።"

"እማ፣ እስከዚያ እኮ..."

"የሰው ልጅ ዩኒፎርም ሳይለብስ ትምህርት ቤት ይግባ? ማን ይሰፋዋል፣ አንተ?"

ብትቆይ እጇ ይሄዳል፤ ብትታከም የዓመቱ ዋና ሥራዋ ይቀራል። ልትነሳ ስትል ሽቦው መልሶ ያዛት። ተቀመጠች። ከዚያ ግራ እጇን ለሐኪሙ ዘረጋችለት።

"እስቲ ይሄንንም ለካው።"

ሐኪሙ ሌላ ሽቦ አጣበቀ። አሁን ሁለቱም እጆቿ ታስረው ነበር። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ተነሳ፤ ትንሽ ዘግይቷል እንጂ ቁመቱ ሙሉ ነው።

"ግራው ገና ጀማሪ ነው" አላት።

መስመሩን አየችው፤ ግራውም የቀኙን መንገድ ጀምሯል።

"እንግዲያው ለቀኙ ቅርብ ቀጠሮ ስጠኝ። ለስፌት የተቀበልኩትን ጨርቅ ለየባለቤቱ እመልሳለሁ" አለች። "አሁን ግን ቶሎ ፍታኝ፣ ልጄ፤ እኔም መላወሻ አጣሁ።"