በከንፈር ያነበብነው ስም

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። «ሳይመሽ ጉብታው ላይ ውጡ፤ መድፉን ትከሉ፤ ሲነጋ ትተኩሳላችሁ።» ጉብታው ስም አልነበረውም። እሾህና ድንጋይ ብቻ ነው።

ስድስት ምድብተኞች ነበርን። አዛዣችን ሃምሳ አለቃ ተፈራ፣ ተኳሹ እኔ፣ ጥይት አጉራሹ እንድሪስ፣ ጥይት አቀባዮቹ ገብሬ፣ ሁሴንና ቶሎሳ። እኔ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ እንድሪስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሁለታችንም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርን።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ሃምሳ አለቃ «አፋችሁን ክፈቱ!» እያለ ይጮህ ነበር። አፍ ከተከፈተ የጆሮ ታምቡር ይተርፋል ይባላል። ሌላ መከላከያ አልነበረንም፤ ከፋሻ የቀደድናትን ቁራጭ ጆሯችን ውስጥ ወትፈናል። እስከ ረፋድ ድረስ ትእዛዙን ሰማን። አምስት ሰዓት ገደማ የጠላት መድፍ አገኘን። ገብሬና ሁሴን እዚያው ቀሩ። እኔ ስነሳ ከሁለቱም ጆሮዎቼ ደም ይወርዳል። እንድሪስ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ምን?» አልኩት። የራሴንም ድምፅ አልሰማሁትም።

እናንተ ጦርነትን በፊልም ስለምታዩት ጩኸት ይመስላችኋል። ለእኔ ከዚያ ሰዓት በኋላ ጦርነት ዝም ያለ ነገር ነው። ጥይቱ ሲወድቅ አፈሩ ያለ ድምፅ ከመሬት ተነስቶ እንደ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይቆማል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይረግፋል። እየሮጥኩ መሸሸግ ሲገባኝ ቆሜ ያየሁበት ጊዜ አለ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያምር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በእጅ ምልክትና በከንፈር እየተነጋገርን ተኮስን።

በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጥይት አለቀ። እኔና እንድሪስ ከሥር ሳጥን ልናመጣ ወረድን። ሳጥኑን ተሸክመን ስንመለስ መሬቱ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል ጉብታው ላይ ጭስ ቆሟል። ጥይቱ ሲመጣ ያፏጫል፤ ጆሮ ያለው ሰው ያንን ሰምቶ ይተኛል። ጉብታው ላይ የቀሩት ግን ጆሯቸው ተደፍኖ አልሰሙም። ደርሰን በሕይወት ያገኘነው ሰው የለም።

በጦር ሆስፒታሉ ሐኪሙ ወረቀት ላይ «ታምቡርህ ይድናል» ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ነው፣ ዳነ። መስማቱ ግን አልተመለሰም። ከታምቡሩ ወዲያ ሌላ ነገር እንዳለ ማን ያውቃል? የአላህ ውሳኔ ነው ብዬ ደሴ ተመለስኩና ቧንቧ ውሃ ሰፈር የልብስ ስፌት ከፈትኩ። የመኪናውን አካሄድ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ ክር ሲበጠስ በጣቴ ይሰማኛል። እንድሪስ ደግሞ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሽመናው ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ሁሉም በምልክት ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ አለመስማቱን ለብዙ ጊዜ ማንም አላወቀበትም። በዚህ ይስቅ ነበር። ያ ጩኸት የቀረችውን ትንሽ መስማት እየበላበት እንደሆነ አላወቅንም።

አግብቼ ልጅ ወለድኩ፤ ሰዓዳ። አድጋ አስተማሪ ሆነች። ከንፈሯን እያየሁ አሳደግኳት እንጂ ድምፅዋን አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን አብረን መንገድ ስንሻገር ሚኒባስ ከኋላዬ ጡሩምባ እየነፋ መጣ። እጄን ጎትታ አዳነችኝ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የተናገረውን ከከንፈሩ አነበብኩ፤ ለምጄዋለሁ። እሷ ግን አልለመደችውም። ፊቷ ተለዋወጠ። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ እምቢ ብትል አላናግርህም» አለችኝ።

«እንድሪስም ይምጣ» አልኩ። ያለ እሱ የገባሁበት ውጊያ የለም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተገናኘን። የጆሮ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። በየተራ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባችን። ጆሮ ላይ የሚደፋ ማዳመጫ አደረገችልኝና አንዲት ቁልፍ አስጨበጠችኝ፤ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እንድጫን ነው። ብዙ ጠበቅሁ። ሲያልቅ ወረቀት አሳየችኝ። መስመሩ ከላይ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚያወርደው እንደ ሐረጎ ቁልቁለት ይወርዳል። የእንድሪስ ከመነሻውም ታች ነው።

እሷ ትናገራለች፣ ሰዓዳ ትጽፍልናለች። «ታምቡራችሁ ደህና ነው። የተጎዳው ውስጠኛው ጆሮ ነው። እዚያ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስል፣ ከአተር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር አለ። ውስጡ ፀጉር መሳይ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ፤ ድምፅን ለአንጎል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ሣር ቢረገጥ ይነሳል፤ እነዚህ አንዴ ከወደቁ አይነሱም።»

ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ያ ሁሉ መድፍ፣ ያ ሁሉ ተራራ የሚያናውጥ ነገር የገባው አተር በምታህል ቤት ውስጥ ነው። ሱብሃነላህ!

«ጋሼ አህመድ፣ እርስዎ የቀረ መስማት አለዎት» አለች። «የመስሚያ መሣሪያ ድምፁን አጉልቶ ያደርስልዎታል። እንደ ድሮው አያደርግዎትም፤ ግን ንግግር ይሰማሉ።» ወደ እንድሪስ ዞረች። «ለእርስዎ ማጉላት አይበቃም። ቀጭን ሽቦ በቀዶ ሕክምና እዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ ጭንቅላት ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ አለው። የወደቁትን ሕዋሳት አልፎ ነርቩን ራሱን ያናግራል። እዚህ አይሠራም፤ አዲስ አበባ እልክዎታለሁ። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ መርምረው ይነግሩዎታል። ከተሠራም በኋላ መስማትን እንደ ሕፃን ለወራት መማር ያስፈልጋል።»

እንድሪስ ወረቀቱን አንብቦ አጠፈው። ከዚያ በዚያ በማውቀው ሳቁ፣ «በሽምግልናዬ ሀሁ ልቆጥር ነው?» አለ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «ብማር ምን ቸገረኝ» አለ ቀጥሎ።

መሣሪያዬ ከመጣ በኋላ የተገጠመልኝ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ሻካራ ነገር ነበር። ለካ የራሴ እጅጌ ነው፤ ጠረጴዛውን ሲነካ። ጨርቅ ድምፅ እንዳለው፣ ስንት ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ፣ ረስቼው ነበር።

«አባዬ፣ ይሰማሃል?»

ቀጭን ድምፅ ሰጥቻት ነበር በሐሳቤ። ወፍራም ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ይሻክራል። አንገቴን ደፋሁ። «ተናገሪ» አልኳት።

«ምን ልበል?»

«ያገኘሽውን።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች። «ተራዎን ጠብቀው ይግቡ። ካርድዎን ይዘው ይምጡ። ስልክዎን ያጥፉ።» እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። ባለሙያዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስንወጣ የባጃጅ ጡሩምባ ሲጮህ መሬት ላይ ተኛሁ። ሰዓዳ አጠገቤ ተቀምጣ እስክነሳ ጠበቀችኝ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እኔና እንድሪስ በተገናኘን ቁጥር ለጓዶቻችን ዱዓ እናደርጋለን፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል እጃችንን ዘርግተን ስማቸውን እንጠራለን። በዚያ ቀን ድምፁን ከጉብታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮሃል። «ተፈራን፣ ገብሬን፣ ሁሴንን፣ ቶሎሳን፣ ዘይድን…»

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ሰው አለ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ከሌላ ክፍል ምትክ ተላከልን፤ ወጣት፣ ረዘም ያለ። ደርሶ ስሙን ተናገረ። የሁላችንም ጆሮ ተደፍኗል፤ ከንፈሩን ነው ያየነው። እኔ ሰይድ ሲል አየሁት። ግማሽ ቀን ስንተኩስ የእሱም ጆሮ ተደፈነ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ከነሃምሳ አለቃ ጋር ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሁሉ ሰይድ እያልኩ ዱዓ አድርጌለታለሁ።

ወረቀት አውጥቼ «ዘይድ አልክ እንዴ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«አዎ፣ ዘይድ። ራሱ ነው የነገረኝ» አለ።

«ሰይድ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አንዳችን በሌላችን ፊት ቆመን ሁለቱንም ስሞች እየተቀባበልን አልናቸው። በከንፈር አንድ ናቸው፤ ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ዝ ትነዝራለች፣ ስ አትነዝርም። ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠን የሁለት ሰው ስም ስንጠራ፣ እሱ የእኔን፣ እኔ የእሱን ሳንሰማ ኖረናል። እንድሪስ ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ስሙን ደጋግሞ አለው፤ መንዘሩን ሊያውቀው። ከዚያ ተቀመጠና አለቀሰ።

ጠይቀናል። በክፍላችን ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ከየት ክፍል እንደመጣም የሚያውቁት አብረውት አልቀዋል። እንድሪስ አዲስ አበባ ተመርምሮ ተራውን እየጠበቀ ነው። ይሳካ አይሳካ አላህ ያውቃል።

ጉብታው ላይ ሰባት ሰው ሆነን ነበር። አምስቱ ሞተዋል፣ ሁለት ቀርተናል። አሁን ዱዓ ስናደርግ ለአምስት ሰው ስድስት ስም እንጠራለን። አንደኛው ስም የእሱ ካልሆነ ለሌላ ይደርሳል እንላለን፤ በዚያ ግንባር ስማቸውን ሳንሰማ የቀበርናቸው ብዙ ናቸው።