ሙሽራ የምንሰድብ ሴቶች

መጀመሪያ የዘፈንነው ሽንኩርት ስንልጥ ነው። ጭድ ተራ አጠገብ ባለው ግቢያችን ሰርግ ነበረና የዕድሩ ሴቶች ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጠን እንሠራለን። የወንዱ ወገን ሲገባ ከመካከላችን አንዷ፣ በርበሬ ነጋዴዋ፣ ቢላዋዋን እንደያዘች ተነሥታ ሙሽራውን በግጥም ሰደበችው። እኛም ተቀበልናት። ሰዉ ሳቀ፤ ሙሽራውም ሳቀ። ለሚቀጥለው ሰርግ ሲጠሩን ለሽንኩርቱ ሳይሆን ለስድቡ ነበር።

ከበሮ አልነበረንም፤ ቢጫ ጀሪካን እንመታ ነበር። ኋላ ዕድሩ ከበሮ ሲገዛልን ሰዉ "ጀሪካኑ የት ሄደ?" እያለ ስላስቸገረ ከበሮው እንደተሰቀለ ቀረ።

አውጪያችን በርበሬ ነጋዴዋ ነበረች፤ ሌሎቻችን ተቀባዮች ነን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ድምፄ ይህን ያህል አይደለም። የያዙኝ ስለማልስቅ ነው። ሌሎቹ በሳቅ ሲፈርሱ እኔ ፊቴን ሳልፈታ ስለምቀበል ሰዉ ይብስ ይስቃል። "አንቺ ዝም ብለሽ ለቅሶ ቤት እንዳለሽ ሁኚልን" ትለኝ ነበር አውጪያችን።

ደንብ ነበረን። ራሳችንን ሳንሰድብ ሰው አንሰድብም። አውጪያችን ሁልጊዜ በራሷ ትጀምራለች፦

በርበሬ የበላው የእኔ ጉሮሮ፣
ሲዘፍን ይመስላል ያነቁት ዶሮ።

ሌላው ደንብ፣ ሕመም፣ መካንነትና ሙት አይነካም። ለዚህም ከየሰርጉ በፊት ስለ ሙሽራው የምታጣራ ወሬ ለቃሚ ነበረችን፤ ለድግስ ሰሃንና ብርጭቆ የምታከራየው ጓደኛችን። ሙሽራው ሰፈር እንደ ገበያተኛ ትሄድና ጎረቤት አዋርታ ትመለሳለች። ስስታም ነው፣ ፈሪ ነው፣ ሲበላ ያልበዋል፤ ይህን ይዘን እንገጥማለን።

በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሠራን። ከዚያ የአውጪያችን አንዲት ሴት ልጅ የምታገባበት ጊዜ መጣ።

የሚያገባት ልጅ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጣል፤ ጥሩ ልጅ ነው። እናቱ ግን የተከበሩ፣ ቁጥብ፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጥቁር ያላወለቁ ሴት ናቸው። ጋብቻውን አልወደዱትም። በሽማግሌ አፍ የላኩት ቃል "ለሰርጉ እመጣለሁ፤ ቅልቅል ግን አልደግስም" የሚል ነበር። ይህ ለሴቷ እናት ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል። ልጅሽን ወስደናል፣ አንቺን ግን አናውቅሽም ማለት ነው።

አውጪያችን ቃሉን በሰማችበት ቀን ማታ ሰብስባን "ለዚህ ሰርግ አንዘፍንም፤ ሴትዮዋን አናስቀይምም" አለች።

ልጅቷ ከጓዳ ብቅ አለች።

"የሰው ሙሽራ ሁሉ ሰድባችሁ የእኔን ልትተዉት? ምኑ አንሶ ነው?"

"እናቱስ?"

"እናቱ ምን ዓይነት ቤት እንደመጡ ይወቁ እንጂ።"

ተሸነፍን። ሰሃን አከራይዋ ዱባይ ተራ ሄዳ ደስ ብሏት ተመለሰች። "ካርቶን ላይ ተኝቶ ነው ያገኘሁት! በጠራራ ፀሐይ! ጎረቤቱን 'ሰርግ ያለበት ሱቅ ይሄ ነው?' ብለው 'አዎ' አለኝ።"

አውጪያችን ሳቀች። "ይቺ ልጅ እንቅልፋም መሆኑን ደብቃኛለች።"

በሰርጉ ዕለት የወንዱ ወገን ገብቶ ተቀመጠ። የሙሽራው እናት ፊት ለፊት ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበውታል። ስለ ዶሮው ስንዘፍን ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ አውጪያችን ወደ ሙሽራው ዞረች፦

ጫማ ሻጭ ሙሽራ፣ እንቅልፍ የጣለው፣
ሌባ ነው ቀስቅሶ "ዝጋው" የሚለው።

በእኛ በኩል ሳቅ ፈነዳ። በወዲያኛው በኩል ግን ማንም አልሳቀም። ሙሽራው ወደ ሚዜዎቹ አየ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ታላቅ ወንድሙ፣ አንገቱን ደፋ። የዚያኔ ገባን። ካርቶን ላይ የተኛው እሱ ነበር። የሚወስደው መድኃኒት እንደሚያስተኛው፣ ቤተሰቡም ለሰው እንደማይናገር በኋላ ሰማን። ጀሪካኑ ቆመ። ሰሃን አከራይዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አውጪያችን ልጇን አየች፤ ልጅቷ ቬሏን በእጇ ጨብጣ አማቷን ታያለች።

እናትየው ተነሡ። የሚወጡ መስሎን ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና በዚያው ዜማ፣ በዚያው ቤት መቺ፣ ባደጉበት ጎጃም በልጅነታቸው የለመዱት በሚመስል ድምፅ መለሱ፦

ተኚው ታላቁ ነው፣ መድኃኒት የጣለው፣
የሙሽራው ሆድ ግን እንቅልፍም የለው።

አንድ ሰው አውጥቶ የሚቀበለው ካጣ ውርደት ነው። ከእኛ ከተቀባዮቹ ማንም አልተቀበላቸውም። የተቀበለቻቸው አውጪያችን ናት። በሕይወቷ የሌላ ሰው ግጥም ተቀብላ አታውቅም፤ በዚያ የታነቀ ዶሮ በሚመስል ድምፅዋ ብቻዋን ተቀበለች። ያኔ እኛም ተቀበልን። መጀመሪያ የሳቀው ሙሽራው ነው፤ ሆዱን ይዞ።

ሙሽሮቹ ሲወጡ እናትየው አውጪያችን ዘንድ መጡ። አውጪያችን ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዙ።

"ይማሩኝ እትዬ፣ አላወቅንም።"

"ባታውቁ ነዋ። እኔም ደብቄው ነው የማታውቁት።" ክንዷን ሳይለቁ "ቅልቅሉን እደግሳለሁ፤ ከነጓደኞችሽ ትመጫለሽ" አሉ። "ወሬ ስትፈልጉም ሱቅ ለሱቅ አትዙሩ። እኔን ጠይቁኝ።"

አውጪያችን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና በርበሬ ነው አለች።

ለቅልቅሉ መሳለሚያ ወደ እናትየው ቤት ሄድን። የሙሽራው ታላቅ ወንድም እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ። ልንጀምር ስንል መጥቶ አውጪያችን ፊት ቆመ።

"እትዬ፣ ዛሬ ለእኔ ግጥም የለም?"

"የእኔ ልጅ፣ እኛ ሕመም አንነካም።"

"ሕመሜን ማን ንኩ አለ? ይሄን አፍንጫ አታዩትም?"

አየነው። በእርግጥም ብዙ የሚያስገጥም አፍንጫ ነበር።