በብብቴ የያዝኩት አረንጓዴ ክር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከተወለድኩ ጀምሮ አፌ የተዘጋበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ባይኖርም፣ በዚህ ነገር ላይ ግን ተዘግቷል። የአንድ ሰው እጅ ሰብሬአለሁ። እኔ ነኝ የሰበርኩት። ሕዝቡ አይደለም፣ ግርግሩ አይደለም፣ እኔ በቀለ ነኝ።

እኛ ጴንጤዎች የምንናዘዝለት ቄስ የለንም። ያለን ምስክርነት ነው፤ እሑድ መድረክ ላይ ወጥተህ እንዴት እንደ ጠፋህና እንዴት እንደ ተገኘህ ትናገራለህ፣ ጉባኤው "ሃሌ ሉያ!" ይላል፣ ትወርዳለህ። እኔ ስለዚሁ ቀን መስክሬ ተጨብጭቦልኛል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ዛሬ ቄሴ ሁን። አታጨብጭብ እንጂ ሌላ የምፈልገው የለኝም።

ከደምቢዶሎ በወጣትነቴ ወርጄ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በልብስ ስፌት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዓይኔ ለስፌት መኪናው አልታዘዝ ሲል፣ ሟች ባለቤቴ ትታው የሄደችውን ኪሮሽ አንስቼ ዳንቴል ጀመርኩ። ሱሪ የታጠቀ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዳንቴል ሲሠራ ማየት ለሰፈሩ ሰርግ ሆነለት። ሴቶቹ ሲያልፉ "ጋሼ በቀለ፣ መቼ ነው የምታገባው?" ይሉኛል። "የሚበቃኝ ቬሎ ስታገኙልኝ!" እላለሁ።

እዚህ አገር ብዙ ሙሽራ ያለ ሚላያ ከቤቷ አትወጣም። ሚላያ በእጅ አበባና ወፍ የተጠለፈበት፣ ዙሪያው በዳንቴል የተያዘ የአልጋ ልብስ ነው። እናት አልባዋ የልጅ ልጄ ማርታ ልታገባ ስትል "ሚላያሽን የምሠራው እኔ ነኝ" ብዬ ፎከርኩ። ጠርዙን በአረንጓዴ ዞርኩት፤ አንድ ማዕዘን ሲቀረኝ ክሩ አለቀ።

ክር የማያውቅ ሰው "ሌላ አረንጓዴ ግዛ" ይላል። አይሆንም። አብሮ ያልተነከረ ክር ሱቅ ውስጥ አንድ መስሎ ታጥቦ ሲወጣ ይለያል። የሙሽራው አክስቶች ደግሞ ሚላያውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው የሚመረምሩት ጥግ ጥጉን ነው።

በዚያ ሰሞን ባሮ ዳር ባለው ሜዳ የእጅ ሥራ ባዛር ተከፈተ። ድንበር ዳር ካለችው ከማታር የመጡ ሴቶች ድንበር የተሻገረ ክር በማዳበሪያ ጆንያ ይዘው መጥተዋል፤ የከተማው ነጋዴዎች ኪሮሹን፣ መርፌውን፣ የሱፍ ክሩን፣ የመረብ ናይለኑን ደርድረዋል። እኔ ከሚላያው የቆረጥኳትን ቁራጭ ክር ኪሴ ከትቼ ድንኳን ለድንኳን ዞርኩ። የሚሸጠውን ክር በምራቄ አርሼ፣ ቀለም ይለቅ እንደሆነ በነጭ መሐረብ አሸዋለሁ፣ ከቁራጯ ጋር አጠጋግቼ ወደ ፀሐይ አነሣዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። "ጋሼ፣ ክር ነው ወይስ አልማዝ?" ይሉኛል። መሐረቤ ቀስተ ደመና ሆነ፤ የኔን አረንጓዴ ግን አጣሁ።

አገኘሁት፤ በሰው እጅ። ከኢታንግ የመጣችው ኛማል ከጨርቅ ነጋዴው ከኑረዲን የመጨረሻዋን እስር ገዝታ፣ ከፊቷ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ መርፌ ትመርጣለች።

"ኛማል፣ ልጄ፣ አንድ ማዕዘን ብቻ ነው የቀረኝ።"

"አይ ጋሼ። ይሄ የልጄ ሚላያ ነው። አልሰጥም።"

"እጥፍ ልክፈልሽ።"

"ሽማግሌ ነህ፣ ቆንጆ ነህ፣ ግን አልሰጥም" ብላ ሳቀች። ኑረዲንም ሳቀ። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። እየሳቅሁ ነው የሰረቅሁት። ፊቷን ወደ መርፌዎቹ ስትመልስ እስሩን አንስቼ በኮቴ ውስጥ፣ በግራ ብብቴ ሥር ወተፍኩት። ለምን? ለማርታ ነው ልበል? ማርታ ስረቅልኝ አላለችኝም። ቀልድ ነበር ልበል? እስቲ ቄሴ፣ የሚያስቀው የቱ ጋ ነው?

ኛማል ዞር ስትል ምንጣፉ ባዶ ነው። "ክሬ! ሌባ!" ብላ ጮኸች።

ባዛር ላይ "ሌባ" ሲባል አይተህ ታውቃለህ? ቅድም ቅርጫት ሲያደንቅ የነበረው ሰው ሁሉ በአንዴ ቡጢ ይሆናል። "ማነው? የት ሄደ?" ይላሉ። ኑረዲን ወደ እኔ ዞሮ "ጋሽ በቀለ፣ እዚህ ነበርክ፤ ማን አለፈ?" አለ።

ከድንኳኑ ፊት አንድ ረጅም ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ይሄዳል። ትከሻው ላይ ካለው ከረጢት አፍ የአረንጓዴ ክር ጫፍ ተንጠልጥሏል። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የመረብ ናይለን ገዝቶ ወደ ጀልባው መመለሱ ነው። ይህን ያኔ አላወቅሁም ልበልህ? አውቄአለሁ! የልብስ ሰፊ ዓይን ናይለንን ከጥጥ ክር ሜዳ ማዶ ሆኖ ይለያል። ጣቴን አነሣሁ። "እሱ!" አልኩ። አንዲት ቃል።

ከኋላው ገፍተው በፊቱ ደፉት። ሊነሣ ሲሞክር አንዱ በጫማው አገጩን መታው፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሲሄድ አየሁ። በድንኳን ካስማ ወገቡን፣ በድንጋይ ትከሻውን። "ገዝቼ ነው! ኑረዲንን ጠይቁ!" ይላል፤ ደም አፉን ሞልቶት ቃሉ አይወጣም። አንዲት ሴት በባዶ የሱፍ ክር ማጠንጠኛ እንጨት እየደጋገመች ጆሮውን ትለው ነበር፤ ስለ ምን እንደምትመታው እንኳ የምታውቅ አይመስለኝም። አቧራው ቀልቷል።

እኔ ቆሜአለሁ። አንዱ ጎረምሳ ላብ በላብ ሆኖ "አባባ፣ ያየኸው አንተ አይደለህ? ምን ትቆማለህ?" አለኝ። ሰዎች አዩኝ። የጠቆመ ሰው ካልመታ ምን ይባላል? የኑረዲንን የጨርቅ መለኪያ፣ የብረቱን ሜትር፣ ከጠረጴዛው አነሣሁ። ሰውዬው ቀኝ እጁን መሬት ላይ ተክሎ ሊነሣ ሲል ጣቶቹ ላይ አወረድኩት። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ዛሬም ኪሮሽ ከእጄ አምልጦ ወለል ሲመታ እሰማዋለሁ።

እዚህ ላይ ብቆም ትንሽ ሰው ነኝ። አልቆምኩም። ክፉው ነገር መጣፈጡ ነው ቄሴ። እኔ፣ ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝ፣ ሰው ጣለኝ እንጂ ሰው ጥዬ የማላውቅ፣ ለአንዲት ቅጽበት ጎበዝ ሆንኩ። ለሁለተኛው ምት ሜትሩን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሣሁ። ግራ ክንዴ ሲነሣ፣ የሰረቅሁት ክር ከብብቴ ሾልኮ ወረደ።

ሰውዬው ደረት አጠገብ ወደቀ፤ አረንጓዴ፣ ንጹሕ። ሜትሩን ጣልኩና በክሩ ላይ ተደፋሁ። ክሩ ላይ ስደፋ ሰውዬው ላይ ተደፋሁ። "ይኸው ተያዝኩ" ብዬ ክሩን በሆዴ ስደብቅ፣ ለእሱ የተላከው እርግጫ ለእኔ ደረሰ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቼ እዚያው ቀሩ። ኑረዲን "ተዉ! ሽማግሌውን ገደላችሁት! ሰውየውን ሊያድን ነው!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ቆመ። እኔ ደም እየተፋሁ ክሩን በሱሪዬ ቀበቶ ውስጥ እያስገባሁ ነበር።

ከረጢቱን ዘረገፉት፤ ናይለን ብቻ። ኑረዲን "እኔው ነኝ የሸጥኩለት" ብሎ ማለ። የመታው ሁሉ ወደየድንኳኑ ተበተነ። "እሱ" ማለቴን የሽማግሌ ዓይን ስሕተት አሉት፤ በሜትሩ መምታቴን ማንም አላነሣብኝም፤ መደፋቴን ግን ከተማው ሁሉ አወራው። እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ጥርስ በሌለው አፌ እያፏጨሁ፣ "ጌታ በስሕተት በጠቆምኩት ሰው ላይ እንድወድቅ አደረገኝ" አልኩ። ሃሌ ሉያ!

የሰውዬው ስም ኡጁሉ ነው። ቀኝ እጁ ጣቶቹ ተጣመው ቀሩ፤ መረብ መቋጠር አይችልም። ሰው የቋጠረለትን መረብ በጥርሱና በግራ እጁ እየጠገነ ያጠምዳል። የኛማል ልጅ ሚላያ በሌላ አረንጓዴ አለቀ፤ አክስቶች ጥጉን እያዩ ከንፈር መጠጡ አሉ። የማርታ ሚላያ እንከን የለውም። ኡጁሉን ሰርጓ ላይ "ወንድሜ" ብዬ ከፊት አስቀመጥኩት። በተጣመሙት ጣቶቹ ጠርዙን ዳሰሰና "ጋሼ፣ ጥሩ ክር ነው" አለኝ። ፊቱን አየሁት። ምንም አያውቅም። አመስጋኝ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ያመጣልኛል። "ሕይወቴን ያዳነ ሰው ዓሣ አይገዛም" ይላል። ስንት ቅዳሜ ልነግረው ተነሣሁ! አፌን ስከፍት ቀልድ ይወጣል፤ እሱ ይስቃል፣ ዓሣው ይጠበሳል። አምባዛውም ጣፋጭ ነው፤ አልወርድልህ አለኝ ብዬ አልዋሽህም፣ ይወርዳል። አጥንቱን ሳይቀር እመጠዋለሁ።

ስለዚህ ጻፍኩት፤ ወረቀት አይቀልድም። ሊመጣ ባለው ቅዳሜ ዓሣውን ከእጁ ሳልቀበል፣ በር ላይ አቁሜው፣ ከ"እሱ!" ክሩ ላይ እስከ ተደፋሁበት አነብለታለሁ። ከዚያ ወደ ኛማል እሄዳለሁ።

ይቅር በለኝ ግን አልለውም። ኡጁሉን አውቀዋለሁ፤ ብለምነው ያደርገዋል። ራሴንም አውቀዋለሁ፤ በማግሥቱ መድረክ ላይ ወጥቼ ይቅርታውን እመሰክረዋለሁ።