ጋሽ ዘነበ ያሻገሩን ማለዳ

ከዲላ ወደ ቆላው ሲወረድ፣ የጊዳቦ ወንዝ አባያ ሐይቅ ሊገባ ሲቃረብ፣ ዳሩ ተደልድሎ ታንኳ የሚጎተትበት ቦታ ነበረ። ወዲህ የኛ መንደር ከነሾላው፣ ማዶ የጸሎት ቤቱ መንደር። ሰውን የሚያሻግሩት የኛው መንደር ሰው ጋሽ ዘነበ ነበሩ፤ ቤታቸውም ከኛ ወገን እዚያው ወንዙ ዳር። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ያላቸው አንድ ልጃቸው በቀለ ነው፤ እሱንም ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱባቸው።

እኔ ሰፊያ ከወንዙ በላይ ሱቅ ነበረችኝ። እኛ እስላም፣ እነሱ ጴንጤ፣ እድራችን ግን አንድ። ጋሽ ዘነበ ጨዋታ ያውቃሉ፤ “ሰፊያ ስትሳፈር ታንኳዋ ታቃስታለች” እያሉ ያበሽቁኛል፤ እኔም አልተኛላቸውም።

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከመጡ ጋሽ ዘነበ ወዴት ብለው አይጠይቁም፤ ዝም ብለው ይቀዝፋሉ።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለሰ አንድ ቁስለኛ የበቀለን መሞት ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ወንድይፍራው ነገራቸው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ልንነግራቸው አምስት ሆነን ወደ ወንዙ ወረድን። እንዲናገሩ የተመረጡት ዳኛው ነበሩ።

ጋሽ ዘነበ ገና ሲያዩን ፊታቸው ጠቆረ። “ደግሞ የማን ቤት ፈረሰ?” አሉና ታንኳዋን ወደ ውሃው ገፍተው ግቡ አሉን። አቶ ወንድይፍራው አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። ከዚያ፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ ገቡ! እኛም እንደ በግ ተከተልናቸው። አምስት ትልልቅ ሰው አንድ ምላስ አጣን።

መሐል ወንዝ ላይ ጋሽ ዘነበ ይመክሩን ጀመር። አስቀምጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩ፣ ባለፈው አንዱ ዘሎ ተናግሮ ሴትዮዋ ራሷን ስታ ወደቀች አሉ። እኔ ሻርፔን ነክሼ ውሃ ውሃውን አያለሁ። ወደኔ ዞር ብለው፣

“ሰፊያ፣ በቀለ ደብዳቤ ከላከ ሦስት ወሩ። አንቺም ዱዓ አድርጊለት እስቲ” አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ያቺ እሺ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ማዶ ስንደርስ ወርደው ታንኳዋን ያዙልን። ማንም አልተነሳም። ውረዱ እንጂ አሉ። ማንም አልወረደም። አንድ በአንድ አዩን፤ ዳኛው አቀርቅረዋል፣ እኔ እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ገባቸው። ደማቸው ከፊታቸው ሲሸሽ አየሁ። አልጮኹም። ተመልሰው ገቡና ታንኳዋን አዞሩ።

“እስከዚህ ድረስ ለምን አስቀዘፋችሁኝ?” አሉ።

መቅዘፊያውን እንቀበልዎ ብንል እምቢ አሉ። የልጃቸውን መርዶ ነጋሪዎች ራሳቸው ቀዝፈው ቤታቸው ወሰዱን።