የአንድ ድስት ግቢ

የበደለኝ መንገሻ ነው። ሰፈሩ ጋሽ መንገሻ ይለዋል፤ እኔ ጋሽ ማለቱን ከተውኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የበደለኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሽሮ ሜዳ ከገበያው በላይ በነበረው ግቢያችን ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ስሙ በተነሳ ቁጥር «እንደሱ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ እል ነበር።

ዝም ብዬ ልተወው አስቤ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ጎረቤቴ ሻይ ጠጪ ብላ ጠርታኝ፣ በራዱ ከሰል ላይ ተጥዶ ሲፈላ ከውስጡ የሚንኳኳ ነገር ሰማሁ። እንቁላል ነው። ለልጇ ብላ ሻይ ውሃው ውስጥ ጨምራዋለች። እንቁላል የበራድ ሆድ እየመታ ሲንኳኳ የሚሰጠውን ድምፅ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልሰማሁትም፣ ወይም እንዳልሰማ ተጠንቅቄ ኖሬያለሁ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ። «እትዬ ብርቄ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ እስከ በሩ ሸኘችኝ። አዎ አልኳት።

መንገሻ እንደ አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ሁለቱም ከጋሞ ደጋ በአንድ ሰሞን ነው አዲስ አበባ የገቡት። ልዩነታቸው መንገሻ ማንበብ ማወቁ ነው፤ ያነበበውን ደግሞ ለሰው ካላስረዳ እንቅልፍ አይወስደውም። አራት ሸማኔ ቤተሰቦች ጎን ለጎን እንኖር ነበር፣ በመካከላችን የባሕር ዛፍ አጥር አለ። ሸማኔ ደግሞ ረጅም ቦታ ይፈልጋል፤ ድር ሲደራ ክሩ ከካስማ ወደ ካስማ ተወጥሮ ነው የሚዘረጋው፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ ሲመላለስ ይጠላለፋል፣ ዶሮ ይገባበታል፣ ልጅ ይረግጠዋል። አጥሩን እናንሳው ያለው መንገሻ ነው። ወንዶቹ በአንድ ቀን ነቀሉት። የተነቀለው እንጨት ማገዶ ሆነ፣ ማገዶው አንድ ቦታ ተከመረ፣ ሴቶቹም ለዚያ ሰሞን እዚያው አብረው አበሰሉ። ከዚያ ወዲህ መንገሻ አላረፈም። ሐሳባችን አንድ ከሆነ ድስታችን ለምን አራት ይሆናል ይል ጀመር፣ አባቴና ሌሎቹም እሺ አሉት፣ ድስቱም አንድ ሆነ።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ነጩ ድር ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው ተወጥሮ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ እኛ ልጆች ክሩ ፀጉራችንን እንዳይነካ ጎንበስ ብለን ከሥሩ እንሽሎከለክ ነበር። የአራት ቤት መወርወሪያ በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ቀጭን ዝናብ ነው። ድስቱ ትልቅ ነበር፣ ሁለት ሴት ነው የሚያነሳው። በመጀመሪያው ቀን አራቱም ሴቶች ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ጨው ጣል አድርገውበት ወጡ ሊበላ አልቻለም፤ ወንዶቹ ተሰብስበው ከዛሬ ጀምሮ ጨው የምትጨምረው በቀለች ብቻ ናት ብለው ወሰኑ። በቀለች የመንገሻ ሚስት ናት። የጨው ሥልጣኗን እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም።

እኔን ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። የቤታቸው ግድግዳ ላይ በከሰል ፊደል እየጻፈ፣ ማግ የሚጠቀለልበትን ቀሰም እንደ መጠቆሚያ ይዞ ያስቆጥረኝ ነበር። የገዛ ልጆቹ ሲሰንፉ ብርቄን እዩአት ይላቸዋል። ከአባቴ ይልቅ እሱን እወደው ነበር። ይህም የምደብቀው ነገር አይደለም።

በግቢው መሀል የወይራ ዛፍ ነበር። መንገሻ ከሥሩ ድንጋይ ደርድሮ ዱቡሻ ብሎ ሰየመው፤ በጋሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ ውሸት የማይነገርበት ቦታ ስም ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ እንቀመጣለን፣ የሳምንቱ ጉዳይ ይነሳል። ሕጉ ብዙ አልነበረም። ዋናው ግን ማንም በየክፍሉ ለብቻው አያበስልም፣ ለብቻው አይበላም የሚለው ነው።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ትክትክ ያዘኝ። ሳሉ እስከ መስከረም አልለቀቀኝም፤ ከዳንኩም በኋላ ከድስቱ የሚወጣው ጎመንና ቆጮ ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ ወደ ኋላ ይመለሳል። እግሬ እንደ እንዝርት ቀጠነ። እናቴ ለእኔ ለብቻ የሆነ ነገር ማብሰል እንዲፈቀድላት ሁለት ጊዜ ለአባቴ ነግራዋለች፣ እሱ ግን መንገሻን አፍሮ ሳይጠይቅ ቀረ። ከዚያ እናቴ ሴቶቹ ውሃ ሲወርዱ ክፍላችንን ዘግታ እንቁላል በራድ ውስጥ ትቀቅልልኝ ጀመር። ድምፁ እንዳይሰማ በራዱን በጨርቅ ትይዘዋለች፣ ልጣጩን አመድ ውስጥ ትቀብራለች፣ እኔ እንቁላሉን ስበላ ፊቴን አትኩራ ታየኛለች። ለማንም አትንገሪ አላለችኝም። መንገር እንደሌለብኝ የማውቅ መስሏት ነው።

ልጣጩን ዶሮ ጫረው። በዚያው እሑድ መንገሻ መዳፉ ላይ ይዞት ወደ ወይራው መጣ።

«ይህ የማን ነው? የሚቆጣ የለም፣ ያደረገው ሰው ብቻ ይናገር» አለ።

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር፣ እጇ አልቆመም። መንገሻ ዙሪያውን አየና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«ብርቄ፣ ነይ እስቲ። አንቺ አትዋሺኝም።»

«ልጅቷን ተዋት እንጂ» አለች በቀለች። «ምን ታውቃለች እሷ?»

«ከሁላችንም የበለጠ ታውቃለች። ተማሪዬ አይደለች?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ደስ አለኝ። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ፊደል ሲያስቆጥረኝ እንደማደርገው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እናቴ ናት፣ ለእኔ ነው አልኩ። ቀጥሎ ማንም ያልጠየቀኝን፣ ሦስት ጊዜ ነው ብዬ ጨመርኩበት። ጎበዝ ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

የወሰኑት እናቴ ወጥ ቤት እስከ ፋሲካ እንዳትገባ ነው። እጅ ሲወጣ አባቴም እጁን አወጣ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም። መንገሻ ይህ ቅጣት አይደለም፣ ዕረፍት ነው አለ፣ ምግቡም ለእሷ ቀድሞ እንዲቀርብላት አዘዘ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎች ሴቶች እያበሰሉ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ትበላ ነበር። ሴቶቹ ወጥ ቤት ውስጥ ሲሳሳቁ እሷ በር ላይ ሆና ትፈትላለች፣ ብቅ ስትል ሳቁ ይቆማል። በሰባት ወር ውስጥ ከዚያ ወጥ ቤት የሰማችው ወሬ የለም።

እኔን አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ጋቢ ስታለብሰኝ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ ኖረች። ግን ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ልታወራ ስትል ቀድማ ወደ ሱቅ ትልከኛለች። ስመለስ ስለ ዋጋና ስለ ዝናብ ያወራሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሞላኝ፣ ሃያ ሞላኝ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ እናቴ ምን እንደሚያስጨንቃት፣ ማንን እንደምትወድ፣ ሌሊት ለምን እንደምታለቅስ የማውቀው ከሌሎች ሴቶች አፍ ነው። ከፊቴ በጨዋነት ትስቃለች። እናቴን ሞት አልወሰደብኝም። የተወሰደችብኝ ከዚያ ድንጋይ ላይ ስወርድ ነው።

ግቢው ራሱ አራተኛ ዓመቱን አልደፈነም። በቀለች ከአንዷ ሴት ጋር ተጣላች፣ አንዱ ቤተሰብ ለቆ ሄደ፣ የቀሩት በቆርቆሮ አጠሩ። መንገሻ ወደ ቀጨኔ ወርዶ እዚያ አረጀ። ሰው ግን አጥር ያስነቀለውን መንገሻን እንጂ ሌላውን አላስታወሰም።

እናቴ የሞተችው ሆስፒታል ነው። ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት ከእኔ በቀር ሁሉንም አስወጣች። እኔን አስቀርታ ሌላውን ስታስወጣ የመጀመሪያዋ ስለሆነ የተሳሳተች መስሎኝ ልወጣ ተነስቼ ነበር። እጄን ያዘችኝ። «መንገሻን ያገኘሽው እንደሆነ ቂም የለኝም በይው። ሲያስበው ይኖራል፣ አውቃለሁ። ንገሪው እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ከአርባዋ በኋላ መንገሻ ራሱ መጣ። ሽሮ ሜዳ ሱቄ ድረስ በከዘራ ወጥቶ፣ የተከመረው ጋቢ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። ነፍሷን ይማር አለ። ስለ ነጠላ ዋጋ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ ከዘራውን እያየ፣

«ብርቄ፣ እናትሽ… ስለ እኔ ያለችሽ ነገር ነበር?» አለኝ።

«ምንም አላለችም» አልኩት።

ራሱን ነቅነቅ አደረገና ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። ደንበኛ ገብታ ነበር፣ ጥለቱ ሰፊ የሆነ ነጠላ አውርጄ አሳየኋት። መንገሻ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሞተ። ቀብሩ ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ፣ ከዚያ ተመልሼ ሱቄን ከፈትኩ።