ለዶክተሩ ያላደረስኩት ቃል

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ሚስቴም ሳትሰማው አፈር ገባች። በሕይወቴ ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬዋለሁ፤ ያም በክፋት እንጂ በጸጸት አልነበረም። አሁን የምጽፈው ስለከበደኝ ነው ብዬ አልዋሽም። ስንት ዓመት ተሸክሜው ደህና በልቻለሁ፣ ደህና ተኝቻለሁ። የምጽፈው እውነቱን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው ስላልቀረ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባህም። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ጎንደር፣ ልብስ ሰፊው አጎቴ ዕቃ የሚጠቀልልበትን ጋዜጣ እያገላበጥኩ ነው። ድንበር ተሻግሬ ካርቱም ስገባ አንድ የአረብኛ ቃል አላውቅም ነበር፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላኝ ጋዜጣቸውን ለራሳቸው አነብላቸው ነበር። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት ለቀምኩት። ኦምዱርማን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የነርሶች ማስተማሪያ ገዝቼ ሽፋኑ እስኪገነጠል አጠናሁት። ዛሬም ስለ ደም ሥር፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ መድኃኒት ብትጠይቀኝ አልሳሳትም። ዲግሪ የጫኑ ልጆች ሊፈትኑኝ መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ሄደዋል። ይህ ጉራ ነው ካልክ ጉራ ይሁን። እውነት ስለሆነ አልተወውም።

የዶክተሩን ስም አልጽፍም። በሰሜን ሱዳን፣ ዓባይ ዳር፣ ከተምር ገበሬ ቤት የተወለደ ሰው ነው። አብረውት የተመረቁት ወደ አረብ አገር ሄደው ሲከብሩ፣ እርሱ ካርቱም ዳር፣ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር መጥቶ ጣሪያው የሚያፈስ የምጽዋት ክሊኒክ ውስጥ ተቀመጠ። ሕመምተኛ ወንበር ሲያጣ አብሮት መሬት ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ እዚያ የገባሁት ጋፊር ሆኜ ነው፤ ጋፊር ማለት ዘበኛ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ የአንዲትን ሐበሻ ሕመም ለነርሷ ሳስረዳ ሰማኝና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቦታህ እኔ ጎን ነው» አለኝ። ነጭ ጋውን አለበሰኝ። አስተርጓሚው ሆንኩ።

የእኛ ሰው ሕመሙን ሲናገር ከመንደሩ ነው የሚጀምረው። ማን ክፉ ዓይን እንዳየው፣ የትኛው ጠበል እንዳሻለው፣ ከወንድሙ በምን እንደተጣላ። ዶክተሩ ይህን ሁሉ የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም። ያን ሁሉ ወሬ እኔ በሁለት ቃል እቋጨው ነበር። ምን እንደሚያልፍ፣ ምን እንደሚቀር የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ሕመምተኞቹም ይህን ያውቁ ነበርና ይፈሩኝ ነበር። መፈራቴን እወደው ነበር።

ደሳለኝ የሚባል ወጣት መጣ። ወደ ሊቢያ የሚያልፍ፣ እስከዚያው በጀሪፍ የጡብ ማቃጠያዎች በቀን ሥራ የሚያድር። ጡብ ወድቆበት እግሩ መግል ቋጥሯል። በረንዳው ላይ ተራ ሲጠብቅ ዶክተሩ አለፈ።

«አንተ ተነስ፤ ዶክተር ሲያልፍ አይቀመጡም» አልኩት።

«ጋሼ፣ በአንዱ እግሬ ነው በሁለቱ?»

ሰው ሳቀ።

«ስድ! ጠላ ቤት መሰለህ?»

«እኔማ ያን ነጭ ልብስህን አይቼ፣ ዶክተሩ አንተ መስለኸኝ ጉልበትህን ልስም ነበር። ለካ ጋፊሩ ነህ! ያላ፣ በሩን ክፈትልን በቃ።»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። ሻይ ሻጯ ትሪዋን እየደበደበች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ብቻ።

ተራው ደርሶ ገባ። ዶክተሩ ቁስሉን አየና ፔኒሲሊን አዘዘ። ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ «ጠይቀው፣ ይህን መርፌ ከዚህ በፊት ተወግቶ ያውቃል? ያመመው ነገር ነበር?» አለኝ። ጠየቅሁት። ደሳለኝ ቀልዱን ትቶ አንቱ አለኝ።

«ጋሼ፣ ገዳሪፍ ይህንኑ ወግተውኝ ፊቴ አብጦ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር። ከሞት ነው የተረፍኩ። ሁለተኛ እንዳትነካው ብለውኛል። ሌላ ይስጠኝ ብለው ይንገሩልኝ፤ በእናትዎ።»

«ምን አለ?» አለ ዶክተሩ።

«ተወግቶ አያውቅም። መርፌ ይፈራል።»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ጉንጩን መታ መታ አደረገው። ልጁ ፈገግታውን ሲያይ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

«ነገሩት?» አለኝ።

«ነገርኩት።»

«ሌላ ነው የሚሰጠኝ?»

«ሌላ ነው።»

ሲወጋ ትከሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ መዳፉን አከከ። ከዚያ ከንፈሩ አበጠ፤ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። ዶክተሩ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጠ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ታገለ። ደሳለኝ መናገር አልቻለም። እጁን ወደ እኔ አነሳ። እኔ ምን ሊል እንደፈለገ አውቃለሁ። ዶክተሩ ግን የአገሩን ሰው የፈለገ መሰለውና፣ «ያዝለት እንጂ፣ ወንድምህ ነው» አለኝ። ያዝኩለት። በእጄ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ያዝኩት።

ይሞታል ብዬ አስቤ ነበርን? ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ጠየቅሁ። ትንሽ እንዲያብጥ፣ እንዲደነግጥ፣ በዚያ በረንዳ ላይ ተዋርዶ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነበር። አላወቅሁም ብል ማን አያምነኝም? ያልተማረ ዘበኛ ምን ያውቃል ይባልልኛል። ነገር ግን አውቅ ነበር። በዚያ በነርሶች መጽሐፍ፣ ፔኒሲሊን ባለበት ገጽ፣ በእርሳስ አስምሬበት ነበር። አንዴ ያሳበጠው ሰው ዳግመኛ ቢወጋ ሊሞት እንደሚችል አንብቤያለሁ። እኔ ያነበብኩትን የምረሳ ሰው አይደለሁም። እንግዲህ የቱን ልምረጥ? አላዋቂ ልባል ወይስ ገዳይ? አላዋቂስ አይደለሁም።

አስከሬኑን ሶባ ወደሚባል ሰፈር ወስደን ቀበርነው። ማታ ዶክተሩ፣ «ደግመህ ጠይቀኸው ነበር?» አለኝ። «ጠይቄው ነበር፤ ተወግቶ አያውቅም» አልኩ። ሊያምነኝ ምክንያት ነበረው። በዚያው ሰሞን ሁለት ሕመምተኞች መርፌ የተወጉበት አብጦባቸው ነበር፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ተበላሽቷል ብሎ ደመደመ። መድኃኒቱን ያቀረበው ሐጅ በሽር የሚባል የኦምዱርማን ነጋዴ ነበር። ዶክተሩ ከሰሰው። ፍርድ ቤት ምስክር ሆኜ ቆምኩ። ወንጌል አምጥተው አስማሉኝ። ወንጌሉን ጨብጬ፣ «ሟቹ ይህን መርፌ ከዚያ በፊት ወስዶ አያውቅም» አልኩ። ዳኛው አረብኛዬ ከልጆቻቸው አረብኛ እንደሚጠራ ለችሎቱ ተናገሩ። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። ሐጅ በሽር ወደ እስር ቤት ሄደ።

ዶክተሩ ከዚያ በኋላ ሐኪም ብቻ ሆኖ አልቀረም። ድሃን በተበላሸ መድኃኒት የሚገድል መንግሥት ነው ብሎ ጻፈ፣ በአደባባይ ተናገረ፣ የሐኪሞችን አድማ መራ። ታሰረ፣ ተገረፈ፣ ሲፈታ ሕዝብ በትከሻው ተሸክሞ ተቀበለው። ፓርቲ አቋቋመ። መንግሥት ሲለወጥ ሚኒስትር ሆነ፤ ቆይቶም የአገሪቱ መሪ ሆነ። የመድኃኒት ሕግ አወጣ፤ በዚያ ሕግ የዳነ ሰው ብዙ ነው፣ አልክድም። በየንግግሩ ስለዚያ የጡብ ሠራተኛ ያነሳል። ሰው ያለቅስ ነበር። እኔ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ይህን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ እል ነበር በልቤ። ኃዘን የተሰማኝ መሰለህ? የአንድ አገር መሪ በእኔ ሁለት ቃል እንደተሠራ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይጣፍጠኝ ነበር።

ካረጀና ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሕይወቱን ተረከ። የደሳለኝ ሞት ላይ ሲደርስ፣ «ብቻዬን ነበርኩ» አለ፤ «አንድ ሐበሻ ጋፊር ብቻ ነበር አብሮኝ። ምስኪን፣ ምንም የማያውቅ።»

በማግስቱ ረክሻ ተሳፍሬ ቤቱ ሄድኩ። ሲያየኝ አቀፈኝ፤ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ልጁ ያለውን በልጁ ቃል፣ አንዲት ሳላስቀር፣ በጥሩ አረብኛ ተረጎምኩለት። እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ።

«አንተ አላወቅህም» አለኝ። «ያልተማርክ ሰው ነህ። ፔኒሲሊን ምን እንደሚያደርግ ከየት ታውቃለህ? አላህ ይቅር ይልሃል።»

ይቅርታውን ሰጥቶኝ ነበር። ተቀብዬ መውጣት እችል ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኩት። «ገጹን ልንገርህ?»

እጁን ከጉልበቴ አነሳ።

«በሽርስ?»

«በሽር ንጹሕ ነው። መድኃኒቱም ደህና ነበር።»

«እስር ቤት ሳለ ሚስቱ ደጄ መጥታ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ልጆቿን ይዛ። አላስገባኋትም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ለሌላ ሰው ነግረሃል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያው አትንገር። ኸላስ፣ በቃ።»

ያ ለድሃ የቆመ፣ የተገረፈ፣ አገር የመራ ሰው፣ አትንገር አለኝ። ዓይኔ እያየ ሲያንስ ደስ አለኝ። ጋፊር ማለቱን አስከፈልኩት። ስወጣ ልሸኝህ አላለኝም። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀምር በዚያው ቤት ሞተ፤ ምስጢሩንም ይዞ ሄደ። ሬዲዮው ዜና ዕረፍቱን ሲያነብ የጡብ ሠራተኛውን ታሪክ እንደ ድሮው አነበበው።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርህ፤ የባሰው እርሱ ነው።

ሐጅ በሽር ግን አልሞተም። የተኩሱ ድምፅ ከራቀ በኋላ ባትሪ ፍለጋ ኦምዱርማን ተሻግሬ አገኘሁት። ከተቃጠለ ሱቅ ፊት ለፊት ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪትና ስኳር ይሸጣል። ዓይኑ ደክሟል። ባትሪ እንዳለው ስጠይቀው በድምፄ ለየኝ።

«አንተ ሐበሻ፣ የፍርድ ቤቱ ሰው አይደለህም?»

«ነኝ።»

የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። የራሱን ሣጥን ጎትቶ አስቀመጠኝ፤ እርሱ ቆመ።

«ያ ልጅ በጣም ተሰቃየ?» አለኝ።

«ብዙ አልቆየም» አልኩት።

«የመድኃኒቱን ሳጥኖች ሠራተኞቼ ያን ሰሞን ፀሐይ ላይ አውርደዋቸው ነበር። እኔ አላየሁም፤ ግን ሱቁ የእኔ ነው። ከመድኃኒቴ መሆኑን መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። እስር ቤት ሆኜ አመንኩ። በየጸሎቴ እጠራዋለሁ። ቤተሰቡን የት አገኛቸዋለሁ? አንተ የአገሩ ልጅ ነህ። በእነርሱ ፈንታ ይቅር በለኝ።»

ሽማግሌው ገበያ መሐል፣ ሰው እያየው ራሴን ሊስም ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ አንዲት ቃል በቂ ነበረች። አፌ ውስጥ ነበረች። ሰውየው ግን እንደ ትልቅ ሰው፣ እንደ ዳኛ ያየኝ ነበር፤ ከዚያ ከፍታ መውረድ አቃተኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

አለቀሰ። የሻይ ቅጠል እሽግ በእጄ አስጨበጠኝ፤ ተቀበልኩ። ቤቴ ወስጄ አፍልቼ ጠጣሁት። ጥሩ ሻይ ነበር።

ገዳይ ነኝ፣ በሐሰት ምያለሁ፤ ከሁሉ የከፋው ግን የበደልኩትን ሰው ራሴ ይቅር ማለቴ ነው። ይህን ሁሉ ጻፍኩ፤ እንዳሻህ ፍረድ። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሐጅ በሽር አማርኛ አያነብም። ልጆቹም አያነቡም። በዚያ ገበያ አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው የለም። እኔ አረብኛ መጻፍ አያቅተኝም፤ በአረብኛ ጽፌ ጎረቤቱ እንኳ እንዲያነብለት ማድረግ እችል ነበር። በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው።

ስለዚህ ይቅር በለኝ አልልህም። የተበደልከው አንተ አይደለህም፤ የሚመለከተውም ሰው ይህን አይሰማም። ወደ ኦምዱርማን የሚሄደው አውቶቡስ ሥራ ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት በደጄ ያልፋል። ሰውየው እዚያው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ለደሳለኝ ይጸልያል። እኔ ዛሬም አልተሳፈርኩም።