ግሪስ የማልቀባው ጋሪ

ትናንት አማቼ ሩዝ ጭኖ ከቁሐር ሚካኤል ሲመጣ ጋሪውን ከማየቴ በፊት ድምፁን ሰማሁት። ሲጥ፣ ሲጥ ይላል፤ ደረቅ ባሌስትራ፣ ከጋሪው ሥር የተደራረበው ዝርግ ሞላ፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ። ሰው ጆሮውን ይይዛል። እኔ መዶሻዬን አስቀምጬ መምህር ታደለን አሰብኩ።

ይህን የምጽፈው እሱ ባስተማረኝ ፊደል ነው። በልጅነቴ የማውቀው ወናፍ ብቻ ነበር፤ አባቴ ብረት ቀጥቃጭ፣ እኔም ብረት ቀጥቃጭ። ሀ ሁ ያልኩት ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ጸጉሬ ሸብቶ ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ ወረታ የመጣ ቀጭን መምህር እሁድ ከሰዓት ጎልማሶችን ያስተምር ነበር። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ የልጅነት መምህሬ የምለው ግን እሱን ነው። ማረሻ የሚያሠራኝ ጎረቤት ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። መምህሩ ግን ገብቶ ከወናፉ አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል።

ወንድሙ ከውጭ የላከለት በሪሞት የሚሄድ መጫወቻ መኪና ነበረው። አይሮጥም፤ ቀስ እያለ ድንጋይ ይቧጥጣል። ኤሊ ይላታል። ሆዷ ሥር ጎማዎቿን የሚይዙ እንደ እርሳስ የቀጠኑ የብረት ክንዶች አሉ፤ በየጎማዋ አጠገብ ደግሞ ሞላ የተጠመጠመባት፣ ዘይት የያዘች ትንሽ ቱቦ። እኔ ጋ መጥቶ ብሎን ይፈታል፣ ክንዷን አንድ ቀዳዳ ከፍ ያደርጋል፣ ያስራል፣ ድንጋይ ላይ ይለቃታል። ትገለበጣለች። እንደገና ይፈታል።

«መምህር፣ ሚስት ብታገባ አይሻልህም?» እለዋለሁ።

«ሚስትማ እኔን ትገለብጠኛለች፣ አያ መኮንን» ይላል፣ ቀና ሳይል።

የእኔ ልብ ግን ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ነበር። ልጄ ጥሩወርቅ ቁሐር ተድራ፣ የመጀመሪያዋን ስታምጥ ወደ ወረታ ጤና ጣቢያ ያመጧት እኔ በሠራሁት ጋሪ ነው። ጎርፉ ሸሽቶ ዋልካው ደርቋል፤ ከብት የረገጠው ጭቃ ድንጋይ ሆኗል። ጋሪው ሲያነጥራት አልቻለችም። «አውርዱኝ» እያለች ሦስት ጊዜ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ሲደርሱ ሕፃኑ ሞቷል። ማንም አልወቀሰኝም። እሱ ነው የከፋው።

ያን ጊዜ ሁለተኛዋን አርግዛ ነበር። የምትወልደው ኅዳር ላይ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጋሪ። ቀድመሽ ነይ ብላት «የሩዝ አጨዳ ነው፣ ባሌን ጥዬ አልመጣም» አለች። ግትርነቷ የእኔ ነው፤ ምን እላታለሁ?

አንድ ቀን መምህሩ፣ የልጄን ነገር ሰምቶ ስለነበር፣ አማቼ ለእድሳት እኔ ዘንድ የተወውን ጋሪ በእጁ ተጭኖ አየው። «አያ መኮንን፣ ይሄ ጋሪ ደረቅ ነው።»

«ጠንካራ ነው በል! አሥር ኩንታል ጭነህ ሞክረው።»

«ኩንታል አያምጥም» አለኝ።

ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ቂሜን እንደያዝኩ ግን ባሌስትራውን ፈታሁ። ከሰባቱ ዝርግ ብረቶች ሦስቱን አወጣሁ። በቀሩት መካከል እንደ ልማዴ ግሪስ ለቀለቅሁ፤ የመኮንን ጋሪ አይጮህም፣ ገበያው የሚያውቀኝ በዚህ ነበር። ስነዳው ለስልሷል፤ ግን አንዴ ከተነሳ አያቆምም፣ እንደ ታንኳ ይዋዥቃል። እኔን ራሴን ሊያስመልሰኝ ደረሰ።

አፍሬ ሄድኩና ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ኤሊን አውጥቶ የቱቦዎቿን ዘይት አፈሰሰ፣ ጀርባዋ ላይ ጥሬ እንቁላል አስቀመጠ፣ ድንጋዩ ላይ ነዳት። ዘለለች፤ እንቁላሉ ወድቆ ፈረጠ። ወፍራም ዘይት ሞልቶ በሌላ እንቁላል ደገመው። ኤሊ ዝቅ አለች፣ ቀስ ብላ ተነሳች፤ እንቁላሉ ንቅንቅም አላለም።

«ሞላው ዝቅ ብሎ ይነሳል፤ ዘይቱ ደግሞ ያዝ ያደርገዋል። የእርስዎ ጋሪ ዝቅ ብሎ መነሳቱን ችሏል፤ የሚይዘው የለውም» አለኝ።

ቤቴ ገብቼ ባሌስትራውን ሳየው ቆየሁ። ብረቶቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ይያያዙ ነበር እኮ! የሚያንሸራትታቸው የእኔ ግሪስ ነው፤ የምኮራበት። በላምባ አጥቤ አደረቅሁትና መልሼ ገጠምኩት። መምህሩ የቁሐርን መንገድ ልሞክረው ብሎ ጋሪው ላይ በጀርባው ተጋደመ።

«በል እንግዲህ አምጥ!» አልኩት።

ፈረሱን በዚያ በደረቀ ዋልካ ላይ ነዳሁ። ጋሪው ይጮሃል፣ እሱ እንደተጋደመ ነው። ዞሬ «ላውርድህ?» ስለው «አልወርድም» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አቧራው ነው አለኝ።

ኅዳር ላይ ጋሪው እየጮኸ ወረታ ገባ። «መኮንን ግሪስ አለቀበት!» ብለው ገበያተኞች ሳቁብኝ። ጥሩወርቅ አንዴም አልወረደችም። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ አለቀሰች፣ ሰማኋት።

በሁለተኛው ዓመት መምህሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ኤሊን ለእኔ ተወልኝ። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል። አሁንም በአውራ ጣቴ ስጫናት ዝቅ ትላለች፤ ስለቃት ቀስ ብላ ትነሳለች።

ትናንት ያኔ የተወለደችው የልጅ ልጄ ከሩዙ ጆንያ ላይ ጆሮዋን ይዛ ወረደች። «አባባ፣ ኧረ ይህን ጋሪ ግሪስ ቀባው! በሰው ፊት አሳፈርከን እኮ።»

«ይጩህ» አልኳት።